የጣልሽብኝ ጋሽ

ጥሩዬ፣

አንቺ ሴትዮ፣ ከሄድሽ አሥራ አንድ ወር ከአሥር ቀን ሆነሽ። «እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን አንቺ ለተጠየቅሽው ሁሉ መልስ የነበረሽ ሰው ዝም ስትይኝ መናደዴ አይቀርም ብዬ ተውኩት። የእኔን ልንገርሽ። ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ደረጃ ላይ ይሰድበኛል፤ የቀሩኝ ጥርሶች አሉ፤ ኪሎዬ ጨምሯል። የኪሎው ጥፋት ያንቺ ነው፣ እደርስበታለሁ።

ቤቱ አለ። ሰፈራችን ሂልቶፕም እንዳለ ነው፤ ብሮድ ስትሪት ላይ አውቶቡሱ ዛሬም ያረፍዳል፣ ጎረቤታችን ሚስተር ዴኒስ ዛሬም እኔ ሸለብ ሲያደርገኝ ጠብቆ ሳሩን ያጭዳል። ሶስና ልብሶችሽን አንስታ ለሚፈልግ ሰጠች። ጠይቃኝ ነው፣ እሺ ብያለሁ። የሆስፒታል ልብስ ስታጥቢ የምትለብሻትን የላውንድሪ ሸሚዝሽን ግን፣ ሰማያዊዋን፣ ከእኔ ካናቴራዎች ሥር ደብቄአታለሁ። ጤና አዳምሽ በእኔ እጅ ይደርቃል ብለሽ ፈርተሽ ነበር፤ አልደረቀም፣ መስኮቱን ሞልቶ ብርሃን ከልክሎኛል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ካርዶቹ ነው። ለአንቺ ብቻ ቢሆን ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር፤ ነገር ግን ናኦሚ ይህን ደብዳቤ ለሌላ ሰውም አስነብባለሁ ብላኛለች፣ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር። የራስሽን ጥፋት እንደገና ብትሰሚው አይጎዳሽም።

ኩላሊትሽ ሥራ ካቆመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ዳያሊስስ እንሄድ ነበር፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። ልጃችን ሶስና በር ላይ ታወርደንና ወደ ዌርሃውስ ሥራዋ ትሮጣለች። አራት ሰዓት ሙሉ አንቺ ከማሽኑ ጋር ታስረሽ፣ እኔ ከጎንሽ ተቀምጬ፣ ድምፁ የተዘጋ ቲቪ እናያለን። አርባ ስድስት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው አዲስ ወሬ ከየት ያመጣል? አንድ ቅዳሜ የሶስና ልጅ ናኦሚ መጣች። ነርሲንግ መማር የጀመረችበት ዓመት ነው። እኛን አይታ አዘነችልን መሰለኝ፣ ከቦርሳዋ አንድ ሳጥን ካርድ አወጣች።

የጥንት የአይርላንድ ሰዎችን ተረት ተከትሎ የተሠራ ጨዋታ ነው፤ ኬልቲክ ይሉታል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጀግና ይሆናል። ካርድ መጣል ብቻ አይደለም፣ ጀግናውን ሆነህ መናገር አለብህ። ኮረብታ ሥር ወዳለ ሌላ ዓለም ትገባለህ፣ ከግዙፍ ሰዎች ጋር ትዋጋለህ፣ ከሐይቅ የወጣ ፈረስ ጥሎህ ይሄዳል፤ ከቀናህ ወጡ የማያልቅ ድስት ተሸክመህ ትመለሳለህ። እኔ «ይኼ የልጅ ነው» አልኩ። አንቺ ግን መነጽርሽን አደረግሽ።

ናኦሚ ጀግኖቹን ትሪው ላይ ደረደረች። እኔ የወርቅ ጋሻ ያነገበውን ወጣት አነሳሁ። «መልካችሁ አንድ ነው፣ ሆዱ ሲቀር» አልሽኝ። አንቺ ግን ጀግኖቹን ትተሽ ከሌላው ክምር አንዲት አሮጊት መዘዝሽ፤ ወንዝ ዳር ተንበርክካ በደም የራሰ ልብስ የምታጥብ። ናኦሚ ደነገጠች። «ኖ እማማ፣ ሺ ኢዝ ኖት ኤ ሂሮ። እሷን ያየ ሰው በዚያው ቀን ይሞታል፤ የምታጥበው የእሱን ልብስ ነው» አለችሽ። ሳቅሽባት። «እኔ የሆስፒታል ልብስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥቤያለሁ፣ በደም የራሰውንም ያልራሰውንም። እኔን አይቶ የሞተ የለም። ይቺ ሴትዮ የሥራ ጓደኛዬ ናት።» ደንቡ አይፈቅድም ብትልሽም አልሰማሽም። አሮጊቷን ይዘሽ ቀረሽ።

ከዚያ ዋናው ነገር መጣ። በዚህ ጨዋታ ጀግና በሰይፍ ብዙም አይሞትም። ተጋጣሚው አንድ ክልክል ነገር ይጥልበታል፤ ይህን አትብላ፣ በዚያ በር አትውጣ፣ ይህን ቃል አትናገር። ክልክሉን ያፈረሰ እለት አበቃለት። «ስሙ ጌሽ ነው» አለች ናኦሚ። አንቺ «ጋሽ ማን?» አልሽ። «ኖ እማማ፣ ጋሽ አይደለም፣ ጌሽ።» «ሰማሁሽ እኮ። ጋሽ ማን ነው የምልሽ?» ልጅቱ ተስፋ ቆረጠች። እኔ ክልክል ማለት ነው፣ ቄስ እንደሚያወግዘው ግዝት ያለ ነገር ነው ብዬ ጣልቃ ብገባ፣ ዞር ብለሽ እንኳን ሳታዪኝ «ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? ቤት ውስጥ ይህን አታድርጊ፣ በዚያ አትውጪ የሚለው ሰው ስሙ ጋሽ አይደል?» አልሽ። ናኦሚ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር። ነርሷ ምን እንዳሳቀን ጠየቀችን፤ ማን ያስረዳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእኛ ቤት ስሙ ጋሽ ሆኖ ቀረ።

እንዲህ ስንጫወት ሁለት ዓመት ሊሞላን ምንም ያህል አልቀረንም ነበር። ራስህን አትከክ ብለሽ ጋሽ ትጥይብኝና እጄ ወደ ጆሮዬ ሲሄድ «ሞተ» ትያለሽ። መርፌ የተሰካበትን ክንድ ማንቀሳቀስ አይቻልም በሚል ሰበብ ብርድ ልብሱ ሥር ሦስት ካርድ ትደብቂያለሽ። እኔ ደግሞ አልናገርም፤ ገዳሪፍ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ መጀመሪያ ያወቅኩሽ በካርታ ስታጭበረብሪኝ ነው፣ አሁን ጸባይሽን ለውጪ ብል ማን ይሰማኛል። ሚስተር ዴኒስን ታስታውሺዋለሽ፤ አያቴ ከአይርላንድ ነው የመጣችው ይላል እንጂ ከአያቱ አገር ተረት አንዱንም አያውቅም። በአጥሩ ላይ ተደግፈሽ በዚያ በሚሰባበር እንግሊዝኛሽ የአያቶቹን ግዙፋን በየስማቸው ስታስተምሪው፣ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር የሚሰማሽ።

የመጨረሻው ጨዋታ ሐሙስ ነው። ናኦሚ ክፍል ነበራት፣ ሁለታችን ብቻ ነን። ደክሞሽ ነበር፤ ካርዱ ከእጅሽ ይንሸራተታል። እኔ የአዋቂ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ «በቃኝ፣ የዛሬውን አሸንፈሽኛል» ብዬ ካርዴን ላስቀምጥ ስል ተቆጣሽ። የዕለቱን ጋሽ ገና አልጣልሽብኝም ነበር። ያን ጊዜ ጣልሽው። «በቃኝ እንዳትል። ይኼ ጨዋታ እስኪያልቅ በቃኝ የሚል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ» አልሽኝ። ከዚያ ማሽኑ ጮኸ፣ ጊዜው አለቀ። የያዝሽውን በፀጉር ማሰሪያሽ አሰርሽ፣ የእኔን በላስቲክ አሰርኩ፣ ቅዳሜ እንቀጥላለን ብለን ሁለቱንም የብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ከተትን። ዓርብ ጠዋት ልብሽ ቆመ።

ደንቡን ታውቂዋለሽ። ጋሽ የሚነሣው ጨዋታው ሲያልቅ ነው። ጨዋታው ደግሞ አላለቀም።

በቃኝ ማለት የማይችል ሐበሻ ምን እንደሚደርስበት አስበሽው ነው የጣልሽብኝ? በየሄድኩበት ቤት ሳህኑ ይሞላል። በሞቴ ይሉኛል። እጄን ሳህኑ ላይ ከደን አደርጋለሁ፣ በጣቶቼ መሀል ያፈስሱልኛል። ጠገብኩ ብል ያው አንድ ነው ብለሽ እንደምትከራከሪኝ ስለማውቅ እሱንም አልልም። ሐኪሙ ስኳሬን አይቶ ፊቱን አጨማደደ፤ ሚስቴ ናት አልኩት፣ ሚስትህን እንዳነጋግራት ይዘሃት ና አለኝ። ለጉልበቴ የሚያሠራኝ ልጅ በየአሥር እርምጃው «ኢናፍ?» ይለኛል፣ በቃህ ወይ ማለቱ ነው፤ አዎ ማለት ስለማልችል እየተሳደብኩ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ደርሻለሁ። ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ እኩዮቼ ሁሉ «እኛስ በቃን፣ ደህና ሞት ይስጠን» ይላሉ፤ ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ዝም እላለሁ፣ የተጣላኋቸው ይመስላቸዋል። ሶስና ቤቱን ሸጬ ብሌንደን ታውንሺፕ ወዳለው ቤቷ ከእሷ ጋር እንድገባ ለመነችኝ። እዚህ ይበቃኛል ማለት ነዋ ይኼ። እምቢ አልኩ።

ነገሩ የፈነዳው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሶስና ለሙት ዓመትሽ ቤቱን ልታጸዳ መጥታ፣ የሸሚዜን ቁልፍ ልትተክልልኝ መርፌ ፈለገች። የብስኩት ቆርቆሮ አየች። በማንኛውም ሐበሻ ቤት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ክርና መርፌ ነው፣ ልጅቱ ጥፋት የለባትም፤ ከፈተችው። ከላይ የነበረው ካርድ ቀንድ ያበቀለው ሰውዬ ሆነ። ከእሱ ሥር የሴት ጭንቅላት ያላት ቁራ። ቆርቆሮው ደግሞ የተቀመጠው ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ነበር፤ ሌላ ቦታ ምቹ መደርደሪያ ስላልነበረ እንጂ ሌላ አሳብ የለኝም። «አባዬ፣ እማዬ ስትሞት ይኼን ይዛ ነው የሞተችው?» አለች። ጨዋታ ነው አልኳት። ጨዋታ መኖሩንማ ታውቃለች፣ ናኦሚ ይዛው የሄደች መስሏት ነው እንጂ። ከዚያ የፀጉር ማሰሪያሽን አይታ ፈልቅቃ ልታወልቀው ጀመረች። ጥሩዬ፣ ጉልበት እንዳለኝ ረስቼ ተነሣሁ። ከእጇ ነጠቅኳት። የወለድኳትን ልጅ እጅ መታሁ። ያውም ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራትን ሴት። ቆርቆሮው ከዚህ ቤት ካልወጣ ናኦሚ እዚህ አትደርስም ብላ ሄደች።

ናኦሚ ሁለት ቅዳሜ አልመጣችም። «ሶሪ አባባ፣ ማሚ ኢዝ ሱፐር ማድ» ብላ ጻፈችልኝ። የእናቷን መኪና ነው የምትነዳው፣ ምን ታድርግ። እኔ ለብቻዬ ከቆርቆሮው ጋር ተፋጠጥኩ።

ሶስና ቀጥላ የንስሐ አባታችንን ይዛ መጣች። አባ ተቀመጡ፣ ካርዶቹን አንድ በአንድ አዩ፣ ቀንዳሙ ላይ ትንሽ ቆዩ። «ገንዘብ ትጫወቱበታላችሁ?» አሉኝ። የለም አልኩ። «ትሰግዱለታላችሁ?» «አባ፣ በዚህ ጉልበት ለእግዚአብሔርም በቅጡ አልሰገድኩ።» ሳቃቸውን ዋጡ። «ከሥዕሉ ሥር አንሣው። የቀረው የእናንተ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብለው ባርከውን ሄዱ። ሶስና አባ እንደካዷት ቆጠረችው። በሩን ስትዘጋ ጤና አዳምሽ ተንቀጠቀጠ።

ባለፈው ቅዳሜ ብቻዋን መጣች። ቁጭ ብላ አላወራችኝም። በሩ ጋ ቆማ «አባዬ፣ እባክህ። ይኼን ነገር በቃኝ በል። በእማዬ አፈር ይዤሃለሁ» አለችኝ።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድ ክፉ ደንብ አለ። ሁለት ጋሽ አንድ ጀግና ላይ ከተጋጩ፣ ወዲያም ቢል ወዲህም ቢል ማፍረሱ አይቀርምና ጀግናው ይሞታል። ማዕድ የጋበዘህን እምቢ አትበል የተባለና ፀሐይ ከገባች አትብላ የተባለ አንድ ሰው፣ አመሻሽ ላይ ራት ጠርተው ገደሉት። ሶስና ይኼን አታውቅም። በአፈርሽ ስትይዘኝ፣ ያውም ያንኑ ቃል በል ስትለኝ፣ ሁለቱ ጋሽ እላዬ ላይ ተጋጩ። በአፈርሽ ተይዤ እምቢ ብዬ አላውቅም። ማንም ሰው አይልም።

እኔ ግን ልሞትላት አልፈለግኩም። «ቁጭ በይ» አልኳት። አልተቀመጠችም። «እንግዲያው ቆመሽ ስሚ። በአፈሯ የያዝሽኝ ሴትዮ ራሷ ናት ይኼን ቃል የከለከለችኝ። ሐሙስ ቀን፣ እዚያ ወንበር ላይ። በቃኝ አትበል አለችኝ። አልልም። ቆርቆሮው አይወጣም። ልጅቷም ትመጣለች። ከተናደድሽ ከእሷ ጋር ተከራከሪ፣ እኔ መልእክተኛ ነኝ።» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ሚስተር ዴኒስ የሳር ማጨጃውን አጠፋ።

ሶስና ከዚያ የተናገረችውን ልንገርሽ። ይኼን ሳልነግርሽ ደብዳቤውን ማሸግ አልችልም። «እኔ አውርጃችሁ ስሮጥ፣ በሩ ሳይዘጋ ስትስቁ እሰማችሁ ነበር። መኪናዬ ጋ እስክደርስ እሰማችኋለሁ። እኔ አጠገቧ ስቀመጥ ግን እማዬ ታቃስት ነበር። ለምን እኔ ሳለሁ አትስቅም? በካርድ ነው የለወጠችኝ?» አለች። ጥሩዬ፣ እኔ ደደብ ነኝ። ያን ሁሉ ቀን ስለ ቀንድና ስለ ቁራ የምንጣላ መስሎኝ ነበር።

አንቺ ያልፈቀድሽልኝን ነገር ነገርኳት። በሌላ መንገድ ማሸነፍ ሲያቅተኝ የምጥልብሽን ጋሽ። «ዛሬ የሶስናን ስም አታንሺ» እልሻለሁ። ሌላውን ጋሽ ሁሉ አራት ሰዓት ትችዪ ነበር፣ ይኼኛውን ግን አሥር ደቂቃ ችለሽው አታውቂም። «ሶስና ምሳ በልታ ይሆን» ብለሽ ትሞቻለሽ። «ዛሬ ይዘንባል፣ ሶስና ጃንጥላ ይዛለች?» ብለሽ ትሞቻለሽ። አንድ ጊዜ አፍሽን በእጅሽ ይዘሽ ዘጠኝ ደቂቃ ቆየሽና ለነርሷ «ልጄ እንዲህ ያለ ጫማ አላት» ብለሽ ሞትሽ። «እናትሽ ሁለት ዓመት ስትሞት የከረመችው በአንቺ ስም ነው። ካላመንሽ ናኦሚን ጠይቂ» አልኳት። «አንቺ ፊት ያቃሰተችው ደግሞ ልጇ ስለሆንሽ ነው። እኔ ፊትማ ብታቃስት እስቅባት ነበር።»

ሶስና ያን ጊዜ ተቀመጠች። ብዙ አለቀሰች፣ እኔም ትንሽ። ትንሽ ነው ያልኩሽ። ሲበቃት አፍንጫዋን ጠርጋ ቆርቆሮውን ወደ ራሷ ሳበች። የፀጉር ማሰሪያውን በጥንቃቄ አወለቀች፣ ካርዶችሽን ገልጣ አየች። እኔ አሥራ አንድ ወር ሙሉ እነዚያን ካርዶች ሳላይ ነው የኖርኩት፤ እኔ፣ አንቺ ሌባ የምትይኝ ሰውዬ። ሶስና አይታ አፏን በመዳፏ ከደነች። ምን ይዛ ነበር አልኳት። «አልነግርህም» አለች። ደግሜ ለመንኳት። ካርዶቹን ደረቷ ላይ ለጥፋ «ተራው የማን ነው?» አለችኝ።

ያንቺ ነበር። ስለዚህ የእሷ ሆነ። ደንቡን አታውቅም፣ ናኦሚን በስልክ ጠራናት፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በታክሲ መጣች። «ዌይት፣ ማሚ ኢዝ ፕሌዪንግ?» ብላ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሶስና የመጀመሪያ ካርዷን ጣለች፣ የእኔ ባለ ወርቅ ጋሻ ሐይቅ ውስጥ ገባ። ገና እየዋኘ ነው። ቆርቆሮውን ግን ከሥዕሉ ሥር አንሥታ ፍሪጁ ላይ አድርጋዋለች፤ በዚህ የአባን ቃል አከበርኩ። ማሰሪያሽን ፀጉሯ ላይ አድርጋ ሄደች፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ከሃያ ቀን በኋላ ሙት ዓመትሽ ነው። ሰው ይመጣል፣ ነፍሷን ይማር ይላል፣ አሜን እላለሁ። ከዚያ እንግዲህ ሐዘኑን አውጣ፣ እሷንም በሰላም ተዋት ይሉኛል። አልተውሽም። የማስታውስሽም እነሱ እንደሚፈልጉት አንገቴን ደፍቼ አይደለም። ብርድ ልብሱ ሥር ከደበቅሻቸው ካርዶች ጋር፣ በስድብሽ፣ ጀግና ሁሉ ተደርድሮ ሳለ አጣቢዋን በመምረጥሽ፣ ልጅሽን ሳትጠሪ መዋል ባለመቻልሽ አስታውስሻለሁ። የረሳሁት ነገር ካለ ደግሞ ሶስና አለች፤ አሁን እሷም ታስታውሰኛለች፣ እየተከራከረች።

ጨዋታውን መጨረስ የምችልበት ካርድ በእጄ አለ። ናኦሚ አይታዋለች፣ ለምን አትጥላትም ብላ ጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካችኝ። አልጣልኳትም። የፊታችን ቅዳሜ ተራው የእኔ ነው፤ እንደገና ሌላ ካርድ እጥላለሁ።

መኩሪያ